ቤቱን ደፈናችሁት፣ አየሩስ በየት ይግባ?

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር አንዲት አዳራሽ ውስጥ ቤት ለሚሰሩ፣ ለሚያሰሩና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ያወራሁት ነው። ብዙ ሰው «ጻፈውና ረጋ ብለን እናንብበው» ስላለኝ ከቅጂው ላይ ገልብጨዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ወሬው ስለረዘመ ቆርጫለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እዛ ረስቼው ቤት ስገባ ትዝ ያለኝን ጨምሬበታለሁ።

እሺ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመጀመሬ በፊት ይቺን ነገር ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጣት። ሞባይል የምታክል ነጭ ሳጥን ናት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የምትለካው። ቅድም በረንዳው ላይ 430 ነበረች፣ አሁን 640 ትላለች። 430 ማለት ከሚሊዮን እጅ 430 እጅ ማለት ነው፣ ፒፒኤም ይሉታል። እዚህ 60 ሰው እንሆናለን፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ማን እንደዘጋው አልጠይቅም፣ ሀበሻ አዳራሽ ሲገባ መጀመሪያ ወንበር ይፈልጋል ቀጥሎ መስኮት ይዘጋል። ለጊዜው እንደተዘጋ ይቆይልኝ፣ ይጠቅመናል። አንተ ፊት ለፊት ያለኸው ልጅ፣ በየመሀሉ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ታነብልናለህ እሺ?

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ቀድሜ ልናገር። ስዊድን ሀገር 11 አመት የሰራሁት የአየር ቱቦ ገጣሚነት ነው፣ ኮርኒስ ውስጥ በደረቴ እየተሳብኩ ማለት ነው። ከተመለስኩ ሁለተኛ አመቴ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ «ያንን ሙቀት የሚመልስ የአየር ማሽን እዚህ ባህር ዳር ብንገጥመውስ?» ነው የሚሉኝ። ዩቲዩብ ላይ አይተውት ነው፣ ቤታቸው G+1 ሆኖ ሲያምር ማሽንም ያምራቸዋል። ዛሬ መልሱን ልስጣችሁ ብዬ ነው የመጣሁት፣ መልሱ ደግሞ አዎም አይደለም አይደለምም አይደለም፣ ማሽኑ አያስፈልጋችሁም ማሽኑን የወለደው ችግር ግን ቤታችሁ ገብቷል፣ እሱን ነው የማወራው።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። እንግሊዞቹ ኤምቪኤችአር ይሉታል፣ ስዊድኖቹ ኤፍቲኤክስ። ፍሪጅ የሚያክል ሳጥን ነው፣ አንዳንዴ ጣራ ስር አንዳንዴ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሰቀላል። ሁለት ፋን አለው፣ ሁለት ፊልተር አለው፣ መሀሉ ላይ ሂት ኤክስቸንጀር (ሙቀት መለዋወጫ) የሚሉት ነገር አለ። አንዱ ፋን ከኩሽና፣ ከሻወርና ከሽንት ቤት የቆሸሸውንና እርጥቡን አየር ስቦ ያወጣል፣ ሌላኛው ከውጭ ንጹህ አየር ስቦ መኝታ ቤትና ሳሎን ይሰጣል። ስለዚህ አየሩ ከመኝታ ቤት ተነስቶ በበሩ ስር አልፎ በኮሪደር አድርጎ ሻወር ቤት ገብቶ ይወጣል። ይቺን አካሄድ ያዙልኝ፣ ከንጹህ ወደ ቆሻሻ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ብልሀቱ ያለው መሀል ላይ ነው። የሚወጣው አየር 21 ዲግሪ ነው፣ ያሞቁት ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ነው። የሚገባው በክረምት ከዜሮ በታች 5 ነው እንበል። ዝም ብለህ ካወጣኸው ገንዘብህን በመስኮት ወረወርከው ማለት ነው። እና ምን አደረጉ፣ ወረቀት የሚያክሉ ስስ ላስቲኮች ወይም አልሙኒየሞች ደረደሩና በአንዱ ንጣፍ መሀል የሚወጣውን፣ በሚቀጥለው የሚገባውን፣ እንደገና የሚወጣውን እያደረጉ አሳለፉት። አየሮቹ አይገናኙም፣ ሽታው አይደባለቅም፣ ሙቀቱ ብቻ በስሱ ግድግዳ ይሻገራል። መጋረጃ ማዶና ማዶ ሆናችሁ መዳፋችሁን ብታገጣጥሙ የጓደኛችሁ እጅ ሙቀት ይሰማችሁ የለ? እንደዛ ነው።

ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱ አየሮች ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ኖሮ መጨረሻቸው መሀል ላይ መታረቅ ነው፣ 21ዱና ከዜሮ በታች 5ቱ 8 ዲግሪ ላይ ይገናኛሉ፣ ግማሹን ብቻ አተረፍክ። ስለዚህ ፊት ለፊት አጋጠሟቸው፣ አንዱ ከቀኝ ሌላው ከግራ። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው አየር አብዛኛውን ሙቀቱን ሰጥቶ ደክሞ ወደ መውጫው ሲደርስ የሚያገኘው ገና አሁን የገባውን በጣም ቀዝቃዛውን ነው፣ ስለዚህ አሁንም የሚሰጠው አለው። የሚገባው ደግሞ ሞቅ ብሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ገና ከቤት የወጣውን ሙሉ 21ዱን ነው። በዚህ መንገድ 80 በመቶውንና ከዛም በላይ ይመልሳሉ። እኔ መጀመሪያ ቀን ሲያሳዩኝ አላመንኩም፣ ውጭ በረዶ ነው፣ እጄን መኝታ ቤቱ አየር ማስገቢያ ላይ ሳደርግ ለብ ያለ ነው፣ ማሞቂያ ደግሞ የለውም።

(ልጁ፦ «920 ሆኗል።» ተመስገን፣ እየተነፈሳችሁ ነው ማለት ነው።)

ይሄ ነገር ከየት መጣ? በ1973 (አመተ ምህረት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው) ነዳጅ ሲወደድ ቀዝቃዛ ሀገር ያሉት ሁሉ ደነገጡ፣ ቤታቸውን በኢንሱሌሽን፣ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ማለት ነው፣ ጠቀጠቁት፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈኑ። ካናዳ ሬጃይና ከተማ ላይ በ1977 አንድ የሙከራ ቤት ሰሩ፣ በጣም የተደፈነና ይሄው አየር ለአየር የሙቀት መለዋወጫ ያለው። ጀርመን ዳርምሽታት ላይ ደግሞ በ1991 ቮልፍጋንግ ፋይስት የሚባል የፊዚክስ ሰው ያለበት ቡድን አራት የተያያዙ ቤቶች ሰራ፣ ፓሲቭ ሀውስ የሚባለው፣ በጣም ትንሽ ማሞቂያ የሚበቃው ቤት እሱ ነው። ዛሬ ፓሲቭ ሀውስ ለመባል ቤትህ ይለካል፣ በሩ ላይ ሸራ ወጥረው ከስሩ ትልቅ ፋን ይተክሉና በ50 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ይገፉታል፣ በሰአት ውስጥ ከቤቱ አየር 0.6 እጥፉ በላይ በቀዳዳ ካመለጠ ወደቅህ። እኔ እንዲህ ያለ ፈተና ላይ ቆሜ አንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ቀዳዳ ሲያፏጭ ሰምቻለሁ። አሰሪው በቴፕ ሊደፍናት ተንበርክኮ ሲሳብ አስታውሳለሁ።

በነገራችን ላይ ብዙዎቹ መጀመሪያ ደፈኑ እንጂ መጀመሪያ ማሽን አልገጠሙም። ደፍነው ቁጭ ሲሉ ነው ራስ ምታቱ፣ ሻጋታው፣ የልጆች ሳል የመጣው፣ በ80ዎቹ «የታመመ ህንጻ» የሚል ስም ሁሉ ወጣለት። ከዛ ነው አየር በሕግ የሆነው። ስዊድን ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል በሰከንድ 0.35 ሊትር ንጹህ አየር መግባት አለበት፣ 100 ካሬ ቤት ካለህ በሰከንድ 35 ሊትር፣ በሰአት ወደ 126 ሜትር ኩብ ነው። አፓርታማ ሲሆን ደግሞ በየጊዜው ተቆጣጣሪ መጥቶ ይለካል፣ ወረቀቱ ደረጃው ላይ ይለጠፋል፣ እንደ ታክሲ ቦሎ።

አሁን ሂሳብ እንስራ፣ ተማሪዎች ስላላችሁ። 126 ሜትር ኩብ አየርን ከዜሮ በታች 5 ወደ 21 ለማሞቅ ወደ 1,100 ዋት ያስፈልጋል፣ ያለማቋረጥ፣ ቀንና ሌሊት። የእንጀራ ምጣዳችሁ 3,500 ዋት ገደማ ነው አይደል፣ ሲሶው ማለት ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ሳይነቀል። ማሽኑ 80 በመቶውን ሲመልስ ወደ 880 ዋት ተረፈ፣ ፋኖቹ የበሉት 50 ዋት አካባቢ ነው። 50 ሰጥተህ 880 ትቀበላለህ። ስዊድን ላይ ይሄ ክርክር የለውም።

አሁን ወደ ቤታችን። ባህር ዳር፣ 1,800 ሜትር ከፍታ፣ ታህሳስ፣ ሌሊት። ውጭ 10 ዲግሪ ነው እንበል፣ ቤት ውስጥ 19። ልዩነቱ 9 ብቻ ነው። አየራችንም ከባህር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ራሱ ያንሳል። ያንኑ 126 ሜትር ኩብ ብታሰሉት ወደ 300 ዋት ይመጣል፣ ማሽኑ የሚመልሰው 240። እሱም በጥቂት ወራት፣ እሱም ሌሊት ሌሊት። ደግሞ ማን ነው እዚህ ቤቱን የሚያሞቅ? ያልከፈልክበትን ሙቀት መልስልኝ አይባልም። ለ240 ዋት ጋቢ መደረብ ይበቃል። ሚያዝያ ላይ ጭራሽ ማታ ቤቱ ግሎ 28፣ ውጭው ከሱ ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ማሽኑ ሙቀት መመለሱን ትቶ አየሩን በጎን እንዲያሳልፍ ነው የሚደረገው፣ ባይፓስ ይሉታል፣ ማለትም በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛ ሳጥን ተራ ፋን ይሆናል።

በዛ ላይ ፊልተሩ አለ። በስድስት ወር ቢበዛ በአመት ይቀየራል። አንዴ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፣ ሰውዬው «ማሽኑ አየር አልሰጥ አለኝ ራሴን ያመኛል» አለኝ፣ ክዳኑን ስከፍተው ፊልተሩ የከሰል ማዳበሪያ ይመስላል፣ በጣቴ ስነካው እንደ ብርድ ልብስ ወፍራም ነው፣ ሶስት አመት አልተቀየረም። ፊልተር ከሱቅ ገዝቶ የሚቀይር ስዊድናዊ እንዲህ ካደረገው፣ እኛ ፊልተሩ ከውጭ እስኪመጣ ስድስት ወር የምንጠብቅ፣ በመሀል አንዱ ብልህ ስፖንጅ ቆርጦ ይከትበታል። ድምጹም አለ፣ ቱቦው በደንብ ካልተሰራ ሌሊት ይጮሀል፣ ሰው ይነቅለዋል፣ የተነቀለ ማሽንና የተደፈነ ቤት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። መብራት ሲጠፋም ያው ነው።

የት ይጠቅማል ካላችሁኝ፣ ኤሲ ቀኑን ሙሉ የሚሰራበት ሆቴል ሊያዋጣው ይችላል። ከባህር ዳር ይልቅ ሰመራ ይሻለዋል፣ ውጭ 42 ቤት ውስጥ 25 ከሆነ ልዩነቱ 17 ነው፣ ያው ማሽን በተቃራኒው ሰርቶ የሚወጣው ቀዝቃዛ የሚገባውን ያበርድለታል። «ሙቀት መመለሻ» ስለተባለ ለብርድ ሀገር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይሄን ያዙ። ሌላውን ልለፈው።

(«1,260።»)

ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ? ወይም ለምን መጣሁ? የእህቴን ቤት ልንገራችሁ።

እናታችን ያሳደገችን የጭቃ ቤት ውስጥ ነው፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ቦታ ዙሪያውን ክፍት ነበር፣ እጅ ያስገባል፣ ድመት በዛ ነበር የምትገባው። የእንጨት መስኮቱ ቢዘጋም ብርሀን ይገባል። ማድቤቱ ደግሞ ለብቻው ግቢው ጥግ ላይ ነበር። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ አካሄድ፣ ከንጹህ ወደ ቆሻሻ፣ እናቶቻችን በግቢ አሰራር ፈትተውት ነበር ማለት ነው፣ ጭሱንና እንፋሎቱን ከመኝታው ለይተው። ድሮ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም፣ እናቴ ማድቤት ውስጥ አይኗ ሟሙቷል፣ የአለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ይላል፣ ያ ቁጥር የሚመጣው እንደሷ ካለ ማድቤት ነው። እኔ የምለው ቤቱ ይተነፍስ ነበር ነው፣ ማንም አስቦበት ሳይሆን ስላልተደፈነ።

እህቴ ደግሞ ያማረ ቤት ሰራች፣ እግዜር ይመስገን። አልሙኒየም ተንሸራታች መስኮት፣ ዙሪያው ሲሊኮን የተደፈነ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ሴራሚክ፣ በሩ እስከ ወለሉ ልክክ ያለ። ኩሽናው ቤት ውስጥ ገባ፣ ሻወሩ መኝታ ቤት ውስጥ ገባ። እንግዲህ አራት ሰው ያለበት ቤት በትንፋሽ፣ በሻወር፣ በማብሰል፣ በልብስ በቀን ወደ 10 ሊትር ውሀ አየር ውስጥ ይለቃል ይባላል፣ ይሄ እንጀራ የማይጋገርበት ቤት ነው፣ ምጣዱ ሲከደን ሲከፈት የሚወጣውን እንፋሎት እናንተው ጨምሩበት። ነሀሴ ላይ መጥቼ ሳድር መስኮቱ በጠዋት አልቦታል፣ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርገው ከኋላው እስከ ጉልበቴ ድረስ ጥቁር ሻጋታ። «ቀለሙ ነው፣ ቀለም ቀቢው አታሎኝ ነው» አለችኝ። ቀለሙ ምን አደረገ!

ይቺን መለኪያ መኝታ ቤታቸው አስቀመጥኳት፣ እሷና ባሏ ብቻ ናቸው የሚተኙበት፣ ክፍሉ 3 በ3.5፣ ከፍታው 2.8፣ ወደ 29 ሜትር ኩብ። አንድ የተኛ ትልቅ ሰው በሰአት ወደ 12 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፣ ሁለቱ 24። 24 ሊትርን በ29 ሺህ ሊትር ስታካፍሉት በየሰአቱ 800 ፒፒኤም ይጨምራል። ክፍሉ ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ በስምንት ሰአት ከ6,000 ያልፍ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰአት ላይ ተነስቼ በቀስታ በሩን ከፍቼ አየሁት፣ 3,100። ሙኒክ ውስጥ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የሚባል ሰው በ1858 «ከ1,000 በላይ ከሆነ አየሩ ጥሩ አይደለም» ብሏል፣ ሚኒሊክ ተወልደው ገና ልጅ ነበሩ ያኔ። እሱም ጋዙ በዚህ መጠን ይገድላል አላለም፣ ጋዙ ከበዛ ሌላውም ሁሉ፣ እርጥበቱም፣ የሰው ጠረኑም፣ ጉንፋኑም በዝቷል ማለት ነው፣ ምልክት ነው። እህቴ ጠዋት ስትነሳ ራሷን እንደሚያማት ለሁለት አመት «ትራሱ ነው» ስትል ነበር።

ሻወር ቤቱ ፋን ነበረው ደግሞ። ማብሪያውን ስትጫነው ይጮሀል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። አንድ ሶፍት ቀድጄ ወንፊቱ ላይ ለጠፍኩት፣ ፋን የሚስብ ከሆነ ሶፍቱ ተጣብቆ ይቀራል፣ የሷ ግን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኮርኒሱን ከፍቼ በቶርች ሳይ ፋኑ ኮርኒሱ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው፣ ቱቦ የሚባል የለም፣ ከላይ ያለው እንጨት ረጥቦ እንጉዳይ ሊያበቅል ደርሷል። የሰራው ኮንትራክተር ስሙን አልጠራም፣ ስደውልለት «ወንድሜ ፋን አድርግ አለችኝ አደረግኩ፣ ቱቦ መች አለች» አለኝ። ቃል በቃል። እውነቱንም ነው፣ ስዕሉ ላይም የለም።

እንግዲህ የኔ ወሬ ይሄ ነው። ከፈረንጅ ቤት መድፈኑን አመጣነው፣ ሳንባውን አላመጣነውም። መድፈኑ በርካሽ መጣ፣ በሲሊኮንና በአልሙኒየም። ሳንባው ግን ውድ ነው ማለት አይደለም፣ እዚህ ሀገር ውድ መሆን የለበትም፣ ሙቀቱን ትተነው አየሩን ብቻ ከወሰድን ማለቴ ነው።

እህቴ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። የመኝታ ቤቱን በር አውልቀን ከስሩ ሁለት ሴንቲ ቆረጥን፣ አናጺው «ያበላሸዋል» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ከመስኮቱ በላይ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በስተን በውጭ በኩል ዝናብ የማያስገባ ክዳን በውስጥ በኩል የትንኝ ወንፊት አደረግንባት። የሻወሩን ፋን በሙሉ ቱቦ ውጭ ድረስ አወጣነው፣ ቱቦው ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ አለበለዚያ እንፋሎቱ ውሀ ሆኖ ተመልሶ ፋኑ ላይ ይወርዳል። ፋኑም በዝቅተኛ ፍጥነት ሌሊቱን እንዲሰራ ተደረገ፣ አንድ አምፖል የማይሞላ መብራት ነው የሚበላው። አየሩ አሁን ከመኝታው ቀዳዳ ገብቶ በበሩ ስር ወጥቶ ሻወር ቤት ሄዶ ይወጣል፣ ስዊድን ኮርኒስ ውስጥ ስሳብ የገጠምኩት አካሄድ ያው ራሱ ነው፣ የሌለው ሳጥኑ ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ 11 ሰአት ላይ 1,150። ሻጋታውን አጥበን ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው። ባሏ «ትንሽ ይበርዳል» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ይበርዳል፣ ብርድ ልብስ ጨመሩ።

ጣና ደግሞ ለኛ ነጻ ፋን ነው። ቀን ቀን ምድሩ ሲግል ነፋሱ ከሀይቁ ወደ ከተማው ይመጣል፣ ሌሊት ይገለበጣል። ከተማችን ሀይቁ ደቡብ ላይ ስለሆነች የቀኑ ነፋስ ከሰሜን ነው የሚገባው፣ እና ቤት ስታሰሩ ሰሜንና ደቡብ ፊት ለፊት መስኮት ይኑራችሁ። አሁን ግን የማየው ካርታ ሁሉ መስኮቱ ወደ መንገዱ ነው፣ እንዲታይ ነው መሰለኝ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረት የሄዳችሁ፣ ያ ክብ ህንጻ ቅኔ ማህሌቱ ዙሪያውን ሲዞር፣ በሮቹ ሲከፈቱ ቀትር ላይ ራሱ ውስጡ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቁታላችሁ።

«ሌሊት መስኮት እንዳንከፍት ወባ» ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ወንፊት አድርጉ። ወንፊት ነፋስ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቀዳዳውን አስፉት። ሌባ ካላችሁ ብረት አድርጉ፣ ብረት አየር አይከለክልም። ሶስተኛውን ምክንያት ግን አልቀበልም፣ «ነፋስ ይመታል»። ከአዲስ አበባ እስከ ባህር ዳር አውቶብስ ላይ አንድ ሰው ሲያስመልሰው አንዷ እናት «ዝጋው ልጄ ብርድ ያስመታናል» ስትል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

(ማንም አላወጣም። «1,790» አለ ልጁ። ኋላ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲያዛጉ አይቻለሁ፣ በወሬዬ ነው ወይስ በአየሩ እንጃ።)

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፍም፣ ከሰል። መብራት ሲጠፋ፣ በአል ሲሆን፣ ቡና ሲፈላ ከሰሉ ሳሎን ይገባል። በጭቃ ቤት ጊዜ በቆርቆሮው ስር ይወጣ ነበር፣ አሁን በተደፈነ ሳሎን ነው የሚቀመጠው። «ጭሱ አልቋል ቀልቷል፣ ችግር የለውም» የሚሉት ነገር ውሸት ነው። የቀላው ከሰል ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለቀው፣ አይታይም አይሸትም፣ መጀመሪያ ራስ ምታት ከዛ እንቅልፍ። ይቺ የኔ መለኪያ እሱን አትለካም፣ ዳይኦክሳይድና ሞኖክሳይድ ሌላ ሌላ ናቸው፣ ስለዚህ «ቁጥሩ ደህና ነው» ብላችሁ እንዳትታለሉ። የትኛውም ማሽን ከዚህ አያድናችሁም፣ እንዲያውም ስዊድን ውስጥ ምድጃ ያለበት ቤት ፋኑ በርትቶ ከሳበ የጭስ ማውጫውን ጭስ ወደ ቤት ይጎትተዋል ተብሎ ልዩ ጥንቃቄ አለው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይፍላ፣ ከመኝታ በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ። ብርድ ነው ብሎ ከሰል አቅፎ የሚተኛ ዘመድ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉለት።

ጥያቄ ተከፈተ። አንድ ግንበኛ ወንድም «ቤቴ አልቋል፣ ግድግዳ ልሰብር ነው?» አለኝ። አትስበር፣ ከበሩ ስር ጀምር፣ ከዛ ሶፍት ይዘህ ፋንህን ፈትሽ፣ ከዛ ኮርኒስ ውስጥ ቱቦውን እይ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዛ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ «ኤሲ አየር አይቀይርም እንዴ?» አለች፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ አይቀይርም፣ ያንኑ አየር እያዞረ ያቀዘቅዛል፣ ባንክ ገብታችሁ ቀዝቅዛችሁ ራሳችሁን የሚያማችሁ ለዛ ሊሆን ይችላል። አንድ አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መስኮት ክፈቱ ለማለት ነው?» አሉ፣ ሰው ሳቀ። አባባ፣ መስኮት መክፈት አንድ ነገር ነው፣ እርስዎ ሲተኙም የሚሰራ ቀዳዳ መተው ሌላ ነገር ነው፣ መስኮቱን ሰው ይዘጋዋል ቀዳዳውን ግን ይረሳዋል። «እኔ ደግሞ ጨርቅ እወትፍበታለሁ» አሉኝ። ምን ልበላቸው።

ልጁ 2,180 ብሎ ሲጮህ «በቃ ክፈቱት» አልኩ። ስድስቱም መስኮት በአንድ ጊዜ ተከፈተ፣ ከሀይቁ በኩልም ከመንገዱ በኩልም፣ ወረቀቴ ተበተነ፣ ከኋላ «እሰይ» ያለ ሰው አለ። ቁጥሩ በአይናችን እያየነው ይወርድ ጀመር፣ 1,900፣ 1,500፣ 1,200። አዳራሹ ወንፊት የለውም፣ ሰአቱም መሽቷል፣ ከመብራቱ ስር ትንኝ መሰብሰብ ጀመረ፣ አንዱ እግሩን ጠፍ አደረገ፣ ሌላው አንገቱን፣ አባባ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ሳቡት፣ ስብሰባው በዛው ተበተነ። መለኪያዋን ሳነሳት 870 ላይ ነበረች።